የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ስለማስላት

ክቡራትና ክቡራን አባላት፣

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የሚጠቀሰው ርቀት የምድርን ክብነት ተከትሎ የሚለካው አጭሩ መስመር እንጂ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። ከሲንጋፖር ቻንጊ እስከ ኒው ዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ያለው ርቀት ወደ 15,300 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ 17 ሰዓት ይመጣል፤ ነገር ግን ከአጭሩ መስመር ፈቀቅ ማለቱና በመሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሲታከል በፕሮግራሙ ላይ የሚታየው ከ18 ሰዓት ይበልጣል። ነፋሱም የሚናቅ አይደለም፤ ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ 8 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው በረራ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ከኋላ ስለሚገፋው፣ ሲመለስ 7 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በትኬት ላይ የሚጻፉት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች የየአገሩ በመሆናቸው፣ አንዱን ከሌላው ከመቀነሳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ የሰዓት ቀጠና እንድትለውጡ እናሳስባለን።