ገበያ የሌለው ነፃነት

በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከቅኝ አገዛዝ የወጡ አገሮች የኢኮኖሚ ጥገኝነት ኢትዮጵያን እንደማይመለከት ይከራከራል። ከኮምቦልቻ ሆኖ ለሚያየው ይህ አሳማኝ አይደለም።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው የተጣለው በውጭ ገበያ ላይ ነበር። አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ተጠቃሚነት አስወጣች፤ ያውም ከተማችን ከጦርነቱ ጉዳት ሳታገግም። ዓድዋ ያስከበረልን ነፃነት የማይተካ ኩራታችን ነው። ይሁን እንጂ የገበያችንን በር ሌላው ሲከፍተውና ሲዘጋው፣ ቅኝ ከተገዙት ከጋናና ከኬንያ በምን እንለያለን? በስኳር ብቻ ትኖር የነበረችው ሞሪሸስ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነፃ ከወጣች በኋላ ልብስ ስፌትን፣ ቱሪዝምንና የባንክ አገልግሎትን ጨምራ ከአንድ ምርት ጥገኝነት ተላቅቃለች።

ስለዚህ እኛም የውጭ ጥገኝነታችንን እንድንቀንስ የከተማው አስተዳደር፣ ፓርኩና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፋብሪካዎቹ ከውጭ የሚያስመጧቸውን እንደ ክር፣ ቁልፍ፣ ካርቶንና መለዋወጫ ያሉ ግብዓቶች በየዓመቱ ዘርዝረው ለሕዝብ ያሳውቁ። እነዚህን እዚሁ ለሚያመርቱ የደሴና የኮምቦልቻ አነስተኛ ድርጅቶችም ብድርና የመሥሪያ ቦታ በቅድሚያ ይሰጣቸው።

አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ