በቡሄ ማታ ከመኪና ሳንቲም አትወርውሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ደሴ ላይ ባጃጅ ነው የምነዳው። የምሠራው ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ በሚባለው መስመር ነው። ቡሄ እየደረሰ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ቶሎ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ነሐሴ 12 ካለፈ በኋላ ቢወጣ ለዘንድሮ ልጆች አይደርስም።

የምጽፈው ስለ ሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች ነው። ልጆቹን ከቤት አታስወጡ ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። እኔ ሙስሊም ነኝ። ግን የጎረቤት ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ደጃፌ ላይ «ሆ» ሲሉ ካልሰማሁ ነሐሴ የገባ አይመስለኝም። ልጄም አብሯቸው ይዞራል፣ ሙልሙሉንም አብሮ ይካፈላል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ሹፌርም እንደ አባትም ያሳስበኛል።

ከሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል እንጂ ደሴ ላይ በዚያ ሳምንት ዝናቡ ገና ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አመሻሽ ላይ አስፋልቱን ይሸፍነዋል። የባጃጅ መብራት ያው አንድ ነው። መስታወቱ በትንፋሽ ይደፈናል፤ ጨርቅ ይዘን ቶሎ ቶሎ እንጠርጋለን። የቆመ ውሃ ውስጥ ካለፍን ደግሞ ፍሬኑ ይርስና አልይዝ ይላል። ረገጥ ረገጥ እያደረግን እስክናደርቀው ድረስ ያለችው ጊዜ ክፉ ናት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ልጁን አይቼ እግሬ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያቺ ሰከንድ አልቃለች። ልጁ ደግሞ ለብርዱ ብሎ ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ኮፍያውን እስከ ግንባሩ አውርዷል። የሚታየው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው።

ይህ እንግዲህ ትንሿ ባጃጅ ናት። ከተማችንን መሀል ለመሀል የሚያቋርጠው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚሄደው ዋናው መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ተሳቢ በዚያ ሰዓት ጭነቱን ይዞ ያልፋል። ሹፌሩ የሩቅ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ከየትኛው ቅያስ ብቅ እንደሚሉ ከየት ያውቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆቹን አስፋልት ላይ የሚያወጣቸው ማን ነው? እኛው ነን። ልጆቹ በር ለበር ከመዞር መንገድ ዳር ቆሞ መጨፈር ብዙ እንደሚያስገኝ ለምደዋል። ተሳፋሪው ደስ ይለዋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ የአንድ ብር ሳንቲም ይወረውራል፣ መኪናው ይሄዳል። ሳንቲሙ ግን አስፋልት ላይ ይንከባለላል። ከኋላው አራት አምስት ልጅ ያጎነብሳል። ሁሉም ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አንዱም አያይም። ወርዋሪውም አላየ፤ እሱ ሄዷል። የምናየው ከኋላ የምንመጣው ነን። ፒያሳ ላይ ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

መስጠት የፈለገ ሰው ሹፌሩን ዳር አስይዞ፣ ቆሞ፣ ለልጆቹ አለቃ በእጁ ይስጥ። ጭፈራውንም ጨርሶ ይስማላቸው፣ ምርቃቱንም ይቀበል። እኔ ተሳፋሪ «ቁምልኝ» ካለኝ እቆማለሁ፣ ለቆምኩበትም ሂሳብ አልጨምርም። ሌሎች ሹፌሮችም እንደዚያው እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

እህቴ አሜሪካ ናት፣ ሜሪላንድ። እዚያም ሃሎዊን የሚሉት አለ። ኦክቶበር 31 ማታ፣ በእኛ ጥቅምት 21 ግድም፣ ልጆች ጭንብል አድርገው በር ለበር ከረሜላ ይጠይቃሉ። ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1975 እስከ 2016 ያለውን የመኪና አደጋ መዝገብ አገላብጠው ነበር። በዚያ ማታ እግረኛ በመኪና የመሞቱ ዕድል ከአንድ ሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ማታዎች ጋር ሲተያይ 43 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያሉት ልጆች ላይ ደግሞ በጣም ይብሳል። የመንገድ መብራት ሞልቶ በተረፈበት አገር ይህ ከሆነ፣ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እህቴ ለልጆቿ ቦርሳና ጫማ ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ባትሪ ታስይዛቸዋለች፣ ራሷም ከኋላ ከኋላ ትከተላለች።

ይህ ለእኛም የሚያቅት አይደለም። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጎረምሳ ታላቅ ወንድም ወይም የሰፈር ሰው አብሮ ይሂድ፣ የእጅ ባትሪ ይያዝ። አስፋልት መሻገር ካለ እሱ «አሁን» ሲል ብቻ ይሻገሩ። ጭፈራው ሰፈር ውስጥ፣ በኮብልስቶኑ ይሁን። ከጃኬት ላይ ነጭ ሹራብ ወይም ቲሸርት ቢደርቡ ከሩቅ እናያቸዋለን። ነጠላ ግን አይሁን፤ ጫፉ በችቦ ይያያዛል።

ስለ ችቦ ካነሳሁ አይቀር፣ እንጨቱ በዝናብ ረጥቦ እምቢ ሲል ነዳጅ የሚያርከፈክፉ ልጆች አሉ። ይህን ትልቅ ሰው ቆሞ ሊከለክል ይገባል። ችቦውን ቀደም ብሎ ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ይቻላል። የተቃጠለ ልጅ ካለ ደግሞ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹህ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ማብረድ ነው። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ ሊጥ አትቀቡ፤ በአምላክ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ለዚያ ከጠራችሁን በነጻ እናደርሳለን፤ ማናችንም ሂሳብ አንጠይቅም። ጅራፉም ሰው ከሌለበት ሜዳ ላይ ይጩህ፣ ዓይን ነገር ነው።

አንድ ጥያቄ ለከተማችን ትራፊክ ፖሊሶች አለኝ። ነሐሴ 12 ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፒያሳና ሸዋ በር ላይ ሰው ብትመድቡልን፣ ከሐረጎ በኩል የሚገባውን ከባድ መኪና ከተማው መግቢያ ላይ «ቀስ በል፣ ልጆች አሉ» የሚለው ሰው ቢኖር። እኔ ለተራ አስከባሪያችን ነግሬዋለሁ። በዚያ ማታ ከተራችን የሚወጣ ባጃጅ ከ20 በላይ እንዳይነዳ ተስማምተናል። የሌሎቹ ተራዎች ምላሽ ምን እንደሆነ በጋዜጣችሁ ብሰማ ደስ ይለኛል።

የባጃጅ ሹፌር
ደሴ