ጠጃችን ከደጃችን ሲወጣ ዋሱ ማነው? ለአሜሪካ የአልኮልና የትምባሆ ግብርና ንግድ ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቢሮው ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

እዚህ ቨርጂኒያ ጠጅ እየጣልኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። ፈቃዴን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ሪፖርቴንም በጊዜው እልካለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቦንድ፣ ማለትም ግብሩ እንደሚከፈል ስለሚያዘው ዋስትና ነው።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ልናገር። ድሮ ግብሩ ያልተከፈለበት ጠጅ ወይም ወይን የሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ትንሽ ነኝ ቢል ትልቅ፣ ቦንድ ማስያዝ ነበረበት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ግን የዓመት የአልኮል ግብሩ ከ50,000 ዶላር ለማይበልጠው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን አስቀረለት። እንደኔ በአንድ ጠባብ ክፍል ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጠጁ ከእኔ ቤት ሲወጣ ነው። ቦታ ስለሚጠበኝ ግብሩ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው ቦንድድ መጋዘን፣ ግብሩ ያልተከፈለበት መጠጥ ማስቀመጥ ወደተፈቀደለት ማለት ነው፣ አዛውረዋለሁ፤ የተፈቀደ ነገር ነው። በሕጉ ጠጁ ከደጄ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ የግብሩ ዕዳ የተቀባዩ ነው። መጋዘኑ የሚፈራውም ለዚህ ነው። የእኔን፣ የጎረቤቴን፣ የሌላውን ሁሉ ተሸክሞ ያ የ50,000 ዶላር ጣሪያ ካለፈው ቦንድ ማስያዝ ግድ ይሆንበታል፣ ወጪውም ዞሮ ዞሮ እኛው ትከሻ ላይ ያርፋል።

አምና የገጠመኝን ልንገራችሁ። 300 ጋሎን ጠጅ ጭኜ ሄድኩ። ቫኑ በር ላይ ቆሟል፣ ካርቶኖቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። የመጋዘኑ ሰው ካልኩሌተሩን አወጣና በጋሎን 1.07 ዶላር መታው። 321 ዶላር መያዣ ካላስያዝክ አላራግፍም አለኝ። ጠጅ ይዤ ወዴት እመለሳለሁ? ከፈልኩ።

በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እስከ 16 በመቶ አልኮል ላለው ወይን ግብሩ እውነትም 1.07 ዶላር ነው፤ ግን ለአምራቹ በዓመት ከመጀመሪያዎቹ 30,000 ጋሎኖች ላይ ከእያንዳንዱ 1 ዶላር ይቀነስለታል። የሚቀረው 7 ሳንቲም ነው። የእኔ 300 ጋሎን ግብሩ 21 ዶላር ብቻ ነበር! ቅናሹን ደግሞ መጋዘኑ ራሱ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ጠጁ ከመጋዘን ሲወጣ ባለቤቱ አሁንም እኔ ከሆንኩና ለስሌቱ የሚያስፈልገውን መረጃ ከሰጠሁት። ያን ቀን የጎደለን አንድ ወረቀት ነው። እኔም አላወቅኩም፣ እሱም አላወቀም። ጠጁ ግብሩ ሳይከፈል መጋዘኑ ውስጥ እንዳለ ለሌላ ሰው ሸጬው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቅናሹ ጭራሽ ይቀር ነበር፤ ይህንንም የነገረኝ ሰው የለም።

300 ዶላር ለትልቅ ፋብሪካ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኔ የማር መግዣዬ ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ስለ ቦንዱ፣ ስለ ማዛወሩና ስለ ቅናሹ የሚናገሩት ሕጎች ለየብቻ ተበትነው ነው ያሉት። አንድ ገጽ ላይ፣ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ አምጡልን። ከጭነቱ ጋር ለመጋዘኑ የምንሰጠው የደብዳቤ ናሙናም አብሮ ይኑር። በአማርኛም ይተርጎም፤ እዚህ አገር ጠጅ የሚጥለው አብዛኛው የእኛው ሰው ነው፣ የሕግ እንግሊዝኛ ደግሞ ጠበቃ ካልቀጠሩ አይፈታም።

የፋሲካውን ማር ትናንት በርዤዋለሁ። ጌሾው በዚህ ሳምንት ይገባል፣ ጠጁ ሲደርስ ያው መጋዘን በር ላይ መቆሜ አይቀርም። ወረቀቱ እስከዚያ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የቨርጂኒያው ጠጅ ጣይ