ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ የቆዩ የእንጨትና የጭቃ ቤቶቻችን መልካቸውን ሳያጡ እንዲታደሱ

ክቡር ከንቲባ፣

በሂርማታ ገበያ አካባቢ ከወላጆቼ በወረስኩት አሮጌ ፎቅ ቤት የምኖር የከተማዋ ነዋሪ ነኝ። ቤቱ የድንጋይ መሠረት፣ በእንጨት ማገር ላይ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለልና ወደ መንገድ የሚያይ የእንጨት ሰገነት አለው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ ቤቶች ከሚፈርሱት ይልቅ ሲታደሱ የሚጠፉት እንዳይበዙ እሰጋለሁ፤ ባለቤቶቻቸው ሊያድኗቸው ደፋ ቀና ሲሉ ሰገነቱ በብረት፣ ግድግዳው በብሎኬት፣ መስኮቱ በአልሙኒየም ይተካና ከቀድሞው ቤት የሚተርፈው ቦታው ብቻ ይሆናል።

ከተማችን እንዴት እንደተሠራች ለክቡርነትዎ መንገር አይጠበቅብኝም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት የመሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጂሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት፣ ከእንጨትና ከጭቃ ምን ያህል ያማረ ሕንፃ ሊወጣ እንደሚችል እስከ ዛሬ ይመሰክራል። የሂርማታ ገበያም በቡናና በሌላውም ንግድ የሩቁንም የቅርቡንም ነጋዴ የሰበሰበ ሲሆን፣ ነጋዴው ታች ሱቁን፣ ላይ መኖሪያውን አድርጎ የሠራቸው ቤቶች የዚያ ዘመን ማስታወሻ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ጠባቂና ጎብኚ አለው። እነዚህ ቤቶች ያላቸው ባለቤታቸው ወይም ተከራያቸው ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ በመሆኗ የቤቶቻችን ቀንደኛ ጠላት ውኃ ነው፤ ምስጡም የሚከተለው እርጥበቱን ነው። የቀድሞ ባለሙያዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ስለነበር ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ የጣሪያውን ክዳን አስረዝመው ከግድግዳው አራቁት፤ ጭቃውንም ከጭድ ጋር አብላልተው ከመረጉ በኋላ ኖራ ቀቡት። እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበት ቢያገኘው እንኳ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይተነፍሰዋል። በላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን ትንፋሹ ይዘጋል። ሲሚንቶው ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃው ደግሞ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሁለቱ አብረው ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ ያጣል።

ይህን በቤቴ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጓሮው ግድግዳ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ዛሬ ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ቁራጭ ሲነሳ ከኋላው ያለው ጭቃ በበጋ እንኳ እርጥብ ነው፤ ማገሩም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። በመንገድ በኩል ያለውና ሲሚንቶ ያልነካው ግድግዳ ግን፣ በየጊዜው ኖራ እየተቀባ ስለኖረ፣ ዕድሜው ከጓሮው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጎንደር የፋሲል ግቢም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ የመጡ አዳሾች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ነገር ግን አንድ ቤት በቅርስነት እስካልተመዘገበ ድረስ ይህ ጥበቃ በተግባር አይደርሰውም። በዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ተብለው ከተወረሱት ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው የቀሩ አሉ፤ በእነዚህ የሚኖር ተከራይ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ቢፈራ አይፈረድበትም፤ የቀበሌው የኪራይ ገቢም የአንድ ሰገነት ጣውላ ለማስለወጥ አይበቃም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምለምነው ምዝገባ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መንገዶቻችንና የቤቶቻችን ፊት እየተለወጡ ባሉበት በዚህ ወቅት፣ የከተማው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው እነዚህን ቤቶች ቢለኩ፣ ፎቶግራፍ ቢያነሱና የትኛው አካላቸው ሊነካ እንደማይገባ በጽሑፍ ቢያሰፍሩ፣ ባለቤቱም መሐንዲሱም አንድ ነገር ይዘው ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ለአሮጌ ቤት ጥገና ከአዲስ ግንባታ የተለየ፣ ቀለል ያለ የፈቃድ መንገድ ቢዘጋጅ እላለሁ። አሸንዳ ለመቀየር፣ የበሰበሰ የምሶሶ እግር ቆርጦ በአዲስ እንጨት ለመቀጠል ወይም ግድግዳን በጭቃና በኖራ መልሶ ለመምረግ የአዲስ ሕንፃ ያህል ፕላንና ወጪ ሊጠየቅ አይገባም። በአንጻሩ ሰገነት የሚያነሳ፣ የመስኮትን ቅርጽ የሚለውጥ ወይም የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ የሚለስን ሰው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ስል ነዋሪው በጨለማና ያለ ውኃ ይኑር ማለቴ አይደለም። መብራት፣ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ማብሰያ ያስፈልጉናል። ለምሳሌ መጸዳጃና ኩሽናው ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ቢሠራ፣ የውኃ ቧንቧው በጭቃ ግድግዳ ውስጥ እንዳይቀበርና የኤሌክትሪክ መስመሩም ለእንጨት ቤት በሚስማማ መከላከያ እንዲያልፍ ቢደረግ፣ ምቾቱም ይገኛል፣ ቤቱም አይጎዳም። የእሳቱ ጉዳይ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. በእሳት የደረሰበትን ጉዳት ሁላችንም እናስታውሳለን።

የሚቀረው የሰው እጅ ነው። በርጩማዋ በመላ አገሪቱ የሚታወቅ ከተማ አናጺ አታጣም፤ ነገር ግን የድሮውን የእንጨት አገጣጠምና የጭቃ አመራረግ የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የከተማችን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች እነዚህን አረጋውያን አስተማሪ አድርገው አጭር ሥልጠና ቢከፍቱ፣ ሙያውም አይሞትም፣ ወጣቱም እንጀራ ያገኝበታል።

ጥያቄዬ ሸክም ሆኖ እንዳይታይብኝ የራሴንም ድርሻ ልግለጽ። ጽሕፈት ቤትዎ ፈቃደኛ ከሆነ ቤቴን ለመጀመሪያው ምዝገባና ለሠልጣኞች መለማመጃ አቀርባለሁ፤ የጓሮውን ግድግዳ ሲሚንቶ የማስነሳቱንና የእንጨቱን ወጪም እሸፍናለሁ። ጭቃው በሚገባ እንዲደርቅ ሥራው በበጋ መጀመር ስላለበት፣ ምላሽዎ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ቢደርሰኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
በሂርማታ አካባቢ የቆየ ቤት ባለቤት
ጅማ