ከሮም ወደ ቺቪታቬኪያ ወደብ ስለምናደርገው ጉዞ

የተከበራችሁ አባላት፣

መርከባችን የሚነሣው ከሮም ሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ቺቪታቬኪያ ስለሆነ፣ የሮም ዋና የባቡር ጣቢያ ከሆነው ከቴርሚኒ በባቡር መሄዱን መርጠናል። ባቡሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከጣቢያው ዋና አዳራሽ በራቁት፣ ከ25 በላይ ቁጥር ባላቸው መስመሮች በመሆኑ፣ ሻንጣ እየጎተቱ እዚያ ለመድረስ 10 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል፤ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ማጣደፍ ስለማይገባ ቀደም ብለን እንገናኝ። የወረቀት ትኬት የያዘ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በጣቢያው ባለው ማሽን ቀኑንና ሰዓቱን ማስመታት አለበት፤ አለዚያ ይቀጣል። ቺቪታቬኪያ ስንደርስ በአውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው የወደቡ አውቶቡሶች መነሻ እንሄዳለን፤ ከዚያ ወደ መርከቦቹ የሚወስደው የወደቡ አውቶቡስ ነው። ትልልቁን ሻንጣ የመርከቡ ሠራተኞች ወደብ ላይ ተረክበው እስከ ማታ ሊያቆዩት ስለሚችሉ፣ መድኃኒታችሁንና ፓስፖርታችሁን አደራ ከእጃችሁ አትለዩ።