ፎቶው ላይ ያለው ኮትም ከሸክላ ሽፋን የተቀዳ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ወጣቱ አለባበስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ የጥቁር አሜሪካ ዘፋኝ እያዩ ልብሱንም ፀጉሩንም እንዳለ ይገለብጣሉ ብለው አዝነዋል። ማዘን መብታቸው ነው። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ከጽሑፉ ጎን የወጣው ፎቶ ነው። «የቀድሞው ጨዋ አለባበስ» ተብሎ የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ጎረምሶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሰውነት ላይ ልክክ ያለ ኮት፣ ቀጭን ከረባት፣ ከጉልበት በታች ሰፋ የሚል ሱሪ፤ አንደኛው ፀጉሩን አፍሮ አድርጎታል። ልብስ ሰፊ ነኝና ፎቶ ሳይ ከፊት በፊት ትከሻና ኮሌታ ነው የማየው። (ከግራ ሁለተኛው ልጅ የኮቱን የታችኛውን ቁልፍ ጭምር ቆልፎታል። የታችኛው አይቆለፍም። ያኔም አይቆለፍም ነበር።)

ታዲያ ይህ ልብስ ከየት የመጣ መሰላቸው? ከአያቶቻችን አልወረስነውም። ከሸክላ፣ ማለትም ከድሮው የሙዚቃ ዲስክ፣ ሽፋን ላይ ነው የቀዳነው። ሽፋኑ ላይ የነበሩትም ጄምስ ብራውን፣ ኦቲስ ሬዲንግ፣ ሳም ኩክና መሰሎቻቸው፣ ማለትም ጸሐፊው የሚወቅሷቸው የጥቁር አሜሪካ ዘፋኞች አባቶች ናቸው። ሸክላው አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር ይወጣል፤ ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የተመደቡት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች፣ የሰላም ጓዶች፣ ከሻንጣቸው ጋር ያመጡታል። በ1961 ዓ.ም አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የከተማው ልጅ ጆሮም ዓይንም ቀድሞ ተሟሽቶ ነበር።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በልጅነቴ ፒያሳ ነው። ጋሼ የምላቸው አሠሪዬ ሙያውን ከአርመን ልብስ ሰፊ የቀሰሙ፣ ቁጡ ግን እጃቸው የተባረከ ሰው ነበሩ። ደንበኛ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ጋሼ ሸክላውን አውጥተው ለባለቤቱ ይመልሱና ባዶ ሽፋኑን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ወስደው ያዩታል። ፎቶ ላይ ሜትር አይሠራም። ስለዚህ የኮሌታውን ስፋት የሚለኩት በዘፋኙ ጣት ነበር። ማይክ የያዘበትን እጅ አተኩረው ያዩና «ኮሌታው ሦስት ጣት ነው» ይላሉ። ከዚያ የደንበኛውን እጅ ተቀብለው፣ ሦስት ጣቱን ገጥመው በሜትር ይለካሉ። እኔ በጠመኔ እጽፋለሁ። በዚህ ዘዴ ቀጭን ልጅ ቀጭን ኮሌታ፣ ደልደል ያለው ሰፋ ያለ ኮሌታ ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ግን ያንኑ ሽፋን አምጥተው ያንኑ አሰፍተዋል።

ትልቁ ጣጣ ብብት ነበር። ተራ ኮት የለበሰ ሰው እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ኮቱ ሙሉ በሙሉ ይከተለዋል፤ ኮሌታው ከአንገቱ ይለያል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ይወጣል። ሽፋኑ ላይ ያለው ዘፋኝ ግን እጁን ሽቅብ ሰቅሎ ኮቱ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጡ። በኋላ ምስጢሩን አገኙት፤ የእጅጌው መግጠሚያ ጠበብ ብሎ ወደ ብብት ጠጋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ሰው የሚመስለው ተቃራኒው ነው፤ ሰፊ ብብት እጅን ነፃ ያደርጋል ይላል። አያደርግም። ይህን እስከ ዛሬ ለማስተምራቸው ልጆች ሳሳያቸው አያምኑኝም፤ ለብሰው እጃቸውን ሲያነሱ ነው የሚያምኑት። ለሱሪውም ከመቀመጫው ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፈን እናስቀምጥ ነበር። ቅዳሜ ማታ ጄምስ ብራውንን ልሁን ያለ ሰው ሰኞ ጠዋት ተተርትሮበት ይመጣልና።

ለስመ ጥር ዘፋኞቻችን ሰፋን ብዬ አልዋሽም። እኛ የሰፋነው ለአድማጮቻቸው ነው፤ ለባንክ ጸሐፊ፣ ለመምህር፣ ለቴሌ ሠራተኛ፣ ለሹፌር። ደሞዝ ሲወጣ ቀብድ ይሰጣሉ፣ በሚቀጥለው ወር ይወስዳሉ።

ጸሐፊው «ባዶ ኩረጃ» ያሉትን ነገር እስቲ በጄምስ ብራውን እንየው። ይህ ሰው ልጅ ሳለ የሚለብሰው ስላልነበረው ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ተመልሷል፤ ጆርጂያ ውስጥ ኦገስታ በምትባል ከተማም ሊስትሮ ነበር። የኛው ማሕሙድ አህመድም ለክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከመብቃቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ ጫማ ጠርጓል። ጄምስ ብራውን ባንድ ሲያቋቁም ጫማው ያልተወለወለ፣ ልብሱ የተጨማደደ ሙዚቀኛ ይቀጣ ነበር፤ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። ሰዉ ጭካኔ ይለዋል። እኔ ግን ልብስ የለህም ተብሎ ከክፍል የተባረረ ልጅ ሲያድግ ለካውያና ለጫማ ቀለም ያን ያህል ቢጨነቅ አልፈርድበትም። አንድ የባንክ ጸሐፊ ያን ሰው አይቶ ሱሪውን መተኮስ ከጀመረ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

አለማየሁ እሸቴም አለ፣ ነፍሱን ይማርና። የፖሊስ ኦርኬስትራው አለማየሁ እንደ አሜሪካኖች ለብሶ፣ ፀጉሩን አሳድጎ በእንግሊዝኛ ይዘፍን እንደነበር፣ ስሙ የገነነው ግን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ በተነሳቸው ፎቶዎችም ያንኑ ሱፍ ለብሶ እናየዋለን። ኮቱ የአሜሪካ ነው፣ ድምፁ የኛ ነው፤ ማንም በዚህ አልተቸገረም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ሲያርፍ ጋዜጦች ሁሉ ያን ዘመን «ወርቃማ» እያሉ ጻፉ። ወርቃማ ከሆነ ከነምንጩ ነው።

እርግጥ ወቀሳውም አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች «ሚኒ ስከርት የባዕድ ነው» ብለው ተቃውመው፣ ነገሩ ወደ ረብሻ ተለውጧል። ያኔ የተቆጡት አዛውንቶች አልነበሩም፤ ለለውጥ የቆሙ ወጣቶች ናቸው። ራሳቸው ኮትና ሱሪ ለብሰው ነበር፣ ግን የባዕድነት ነገር ሁልጊዜ የሚታየው በሴት ልጅ ቀሚስ ላይ ነው። ዛሬም ጽሑፋችሁ ውስጥ ከወንዶቹ ይልቅ የሴቶቹ ፀጉር ነው ብዙ መስመር የወሰደው።

ፀጉር የኔ ሙያ አይደለም። ይሁንና ደቡብ አፍሪካዊቷን ዘፋኝ ሚሪያም ማኬባን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች። የደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዝ ፓስፖርቷን ነጥቋት፣ አገር አልባ ሆና በነበረበት ዘመን ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴት መድረክ ላይ ስትወጣ ፀጉሯን በእሳት ማለስለስ ግዴታ በሚመስልበት ጊዜ እሷ እንደተፈጠረ ተወችው። ሌሎች እያዩ «አፍሮ» የሚባል ስታይል አደረጉት፤ እሷ ግን ስታይል ሳይሆን ፀጉሬን መተዌ ብቻ ነው ባይ ነበረች። የአምስቱ ዘመን አርበኞችን ፎቶ ያየ ሰው ደግሞ ያ ሁሉ ጎፈሬ ለዓይኑ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የቦብ ማርሌይን ነገር ብጀምረው አያልቅም። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከኛ ባንዲራ ወስደው ዓለም ላይ አለበሱት፤ አሁን የኛ ልጅ ያንኑ ሹራብ «የጃማይካ ቀለም አለህ?» ብሎ ይገዛል። ሻጩም አያርመውም፣ ለምን ያርመዋል?

ከሁሉም ግን ለኔ አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ይለያል። በኅዳር 1966 ዓ.ም ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ። ንጉሡ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄም ከእንግዳው ጎን ሆኖ አብሮ ሠራ። ሰውየው ያኔ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ታሟልም። በግንቦት ሞተ። ንጉሡም በመስከረም ወረዱ። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ሲያጋጥሙኝ ሁልጊዜ የማየው የዱክን ትከሻ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ደክሟል፣ ኮቱ ግን አልደከመም። እንዲህ ያለ ኮት ውስጡ ገበሩና ማጠንከሪያው በእጅ የተሰፋ እንጂ በሙጫ የተጣበቀ አይደለም፤ ለዚህ ነው ሰውየው ሲጎብጥ አብሮት የማይጎብጠው። አባቱ በሰው ቤት አሳላፊ ነበር፣ አንዳንዴም ዋይት ሐውስ ድረስ ገብቶ ያስተናግድ ነበር ይባላል። ልጁ አለባበሱና ጠባዩ ስላማረ የሰፈር ጓደኛው «ዱክ»፣ መስፍን እንደማለት፣ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ቁልፍ የወደቀበትን ልብስ ዳግም አይለብስም ነበር ተብሎም ተጽፏል። ይህን ለደንበኞቼ ስነግር ይስቃሉ፤ ቁልፍ ሳጠብቅ ግን ክሩን አራት ጊዜ የምመልሰው እሱን እያሰብኩ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ፣ እሱ ያደገበት የዩ ስትሪት ሰፈር ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ነው። ግድግዳ ላይ በትልቁ ተስሎ እዚያው ቆሟል።

ሱቃችን ከፒያሳ ተነስቶ ሌላ ሰፈር ከገባ ወዲህ የሚመጡልኝ ልጆች ስልክ ይዘው ነው። አንዱ የፓፓ ዌምባን ፎቶ አሳየኝ። የኮንጎውን ዘፋኝ አውቀዋለሁ፤ በ2008 ዓ.ም አቢጃን ላይ መድረክ ላይ እንዳለ ነው የወደቀው። ልጁ የማያውቀውን ነገርኩት፤ በሞቡቱ ዘመን ኮትና ከረባት ተከልክሎ ሰው ሁሉ «አባኮስት» የሚባል ልብስ ልበስ ሲባል፣ ኪንሻሳ ውስጥ ሽክ ብሎ መታየት ራሱ እምቢታ ነበር። እኛም በዘመናችን የኢሠፓን ዩኒፎርም ሰፍተናልና ነገሩ ይገባኛል። «ሳፐር» የሚባሉት የኮንጎ ሽክ ለባሾች በአንድ አለባበስ ከሦስት ቀለም አታብዛ ይላሉ። ልጁ አምስት መርጦ ነበር፤ ሁለቱን አስጣልኩት።

አንዲት ወጣት ደግሞ ጃኔል ሞኔ የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ የለበሰችውን ጥቁርና ነጭ ሱፍ አሳየችኝ። እኔ አላውቃትም ነበር፤ የነገረችኝ ራሷ ደንበኛዋ ናት። እናቷ ጽዳት ሠራተኛ፣ አባቷ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ሹፌር፣ እንጀራ አባቷ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ዘፋኟ የእነሱን ዩኒፎርም ለማክበር ለብዙ ዓመታት ጥቁርና ነጭ ብቻ ትለብስ ነበር አሉ። ደንበኛዬ ይህን ስትናገር እጇ ከስልኩ ላይ አልተነሳም። ሱሪውን ከፍ ባለ ወገብ፣ ኮቱን አጠር አድርጌ ሰፋሁላት። ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል ብላትም አልሰማችኝም፤ ደግ አደረገች።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትም አለ። ሳይለካ የተገዛ፣ እግር ላይ ተጣብቆ ለመቀመጥ የሚያስቸግር ሱሪ፣ ደረቱ ላይ የሐሰት ማርክ የተለጠፈበት ሹራብ እኔም አልወድም። ግን ያ የዘፋኞቹ ጥፋት አይደለም። ልክ ማስለካት ከዝግጁ ልብስ በላይ ያስወጣል፣ ጨርቁ ተወዷል፣ ሙያውን የሚማር ልጅም እያነሰ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ጻፉልን፤ ይህ ከማንም ዘፋኝ ፎቶ በላይ አለባበሳችንን ለውጦታል።

አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ የቆየ ፎቶ ስታወጡ ከሥሩ «የቀድሞው አለባበስ» ብላችሁ አትተውት። አንባቢዎቻችሁ መካከል ፎቶው ላይ ያሉት ወይም ልጆቻቸው ይኖራሉ፤ ልብሱን ማን እንደሰፋው፣ የማንን ሽፋን አሳይተው እንዳሰፉት ጠይቋቸው። ፒያሳ፣ መርካቶና ካዛንቺስ የነበሩ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ የሚያስታውሳቸው ሰውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እኔ የማውቃቸውን ስሞችና የሠሩበትን ቦታ በወረቀት ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የቤተሰቦቻቸውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ማውጣት የናንተ ፋንታ ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ገልጫለሁ)