የአይጥ ቫይታሚን ለሰው ሲታዘዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደ ቫይታሚን ኢ ያለ ተጨማሪ ምግብና የመከላከያ አቅም ሕክምና በአይጦች ላይ ያሳዩትን ውጤት መዘገባችሁ ደግ ነው። ርዕሱ ላይ «ኤች አይ ቪ» መባሉ ግን ስህተት ነው። በአይጦቹ ላይ የሚሠራበት ኤል ፒ-ቢ ኤም 5 የተባለ የሉኪሚያ ቫይረስ ነው፤ እንደ ኤች አይ ቪ ከሬትሮቫይረስ ወገን ቢሆንም ጠባዩ ይለያል። ኤች አይ ቪ ሲዲ 4 የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች ይጨርሳል። ይኼኛው በዋናነት ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ቢ ሴሎች ይይዛል፤ ጣፊያና ንፍፊት ያብጣሉ፣ ሲዲ 4 ሴሎች ሳያልቁ ሥራ ያቆማሉ። የመከላከያ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች ኢንተርሉኪን 2 ይወርዳል፣ ኢንተርሉኪን 4 እና 6 ይወጣሉ። ቫይታሚን ኢም ሆነ በመርፌ የሚሰጠው የቲ ሴል ተቀባይ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) የሚያቃኑት ይህን ሚዛን እንጂ ቫይረሱን አያጠፉም።

መጠኑ ላይ ደግሞ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። 25 ግራም የምትመዝን አይጥ በቀን 4 ግራም ያህል ትበላለች። በኪሎ መኖ 500 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ቢጨመር 2 ዩኒት ይደርሳታል፤ በኪሎ ክብደት ሲሰላ 80 ዩኒት ነው። ይህን በቀጥታ በ60 ኪሎ ያባዛ 4,800 ያገኛል፤ ባለ 400ውን እንክብል 12 መዋጥ ማለት ነው! 80ው መጀመሪያ የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር በሚሠራበት ቁጥር፣ ለ12.3 ሲካፈል ግን 390 ገደማ ይመጣል፣ አንድ እንክብል እንኳ አይሞላም። እሱም ለተመራማሪ መነሻ ነው፣ ማዘዣ አይደለም። ቫይታሚን ኢ ሲበዛ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

ጎንደር ላይ የበለጠ የሚያሳስበው ግን «ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ ከፋርማሲ የሚገዛው መልቲቫይታሚን ነው። ብዙው አይረን፣ ካልሲየምና ዚንክ አለበት። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤች አይ ቪ ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ ከእነዚህ ጋር ከተገናኘ ይጣበቅና ደም ውስጥ በበቂ ሳይገባ ይወጣል። ስለዚህ ኪኒኑ መልቲቫይታሚኑ ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። አይረን ወይም ካልሲየም ከሆነ ሁለቱን ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድም ይቻላል። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ግን ምግብ ቢኖርም መራራቅ አለበት። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ሁለቱን ጠዋት በውኃ ብቻ ከሚያወራርድ፣ ማታ ከእራቱ ጋር ቢያደርጋቸው ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት አይረን ፎሊክ አሲድም እንዲሁ ነው።

መልቲቫይታሚን በከፍተኛ መጠን ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ በሰው ላይም ተሞክሯል። ታንዛኒያ ውስጥ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ ከ3,400 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ጥቅም አላሳየም፤ የጉበት ኢንዛይም ስለጨመረ ቀደም ብሎ ተቋርጧል። ርዕሳችሁን ስታርሙ ይህንንም ብታክሉበት።

የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር